ሻካራው ድምፅ

አቃቂ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ሳዲቅ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበቱልኝ? ጆሮዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የደሴ ብርድ ጠንቶብዎት ይሆን? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ በአውቶቡስ ሹፌሩ በደጉ እጅ ከደረሰኝ ስድስት ቀን ሆነው። መልሱ የዘገየው ችላ ብዬ እንዳይመስልዎት፤ ስጽፍ ስቀድ ነው የከረምኩት። ይቅር ይበሉኝ።

ከኮምቦልቻ ፋብሪካ የመጣነው አሥራ ሁለት ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ ነን። አዲሱን የሽመና ማሽን እስከ ጥር መጨረሻ ተምረን ካልጨረስን ቦታችን ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። የልጄ የፊርደውስ ቀዶ ጥገና ሦስት ወር በቅጡ ሳይሞላው ለእርስዎ ጥያት የመጣሁት ለዚህ ነው። ቀን በቀን ራሴን እወቅሳለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ብረቱ አይዝግም። ደረቷ ውስጥ የተቀበረችው መሣሪያ የእጅ ሰዓት የምታህል ናት። ከእሷ የወጣው ሽቦ አንገቷ ውስጥ ያለውን ነርቭ ይዞ በየአምስት ደቂቃው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይነዝረዋል፤ ያ ንዝረት ወደ አንጎሏ ሄዶ መናወጡን ያበርደዋል። ይፈውሳታል ያለኝ የለም። የሚጥል በሽታዋ ለሦስት ዓይነት ኪኒን አልበገር ሲል የቀረን መንገድ ይህ ነበር። በሳምንት ስምንት ጊዜ ይጥላት የነበረው ሁለት ጊዜ ሆኗል፤ ይህንን እርስዎም በዓይንዎ አይተዋል።

“ይቆማል ወይ?” ብለው ጠይቀውኛል። አይቆምም፣ አባዬ። ሌት ተቀን ይሠራል፤ ልብዎን ያሳርፉ።

በሚሠራባት ሰዓት ድምፅዋ ይሻክራል። ጆሮዎ ባይሰማውም ጎረቤታችን ፀሐይነሽ ትሰማዋለች፤ ሕመም ነው ብላ እንዳታስደነግጥዎት። መሥራቱን የምናውቀው በዚያ ነው።

እጇ ላይ የምታስረውን ማግኔት በተመለከተ፣ ሊጥላት ሲል ወይም ሲጥላት በግራ ደረቷ ጠባሳው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሸርተት አድርገው ያንሡት። ያኔ መሣሪያው ተጨማሪ ይሰጣታል። “ረዘም አድርጌ ብይዘውስ አይበልጥም ወይ?” ላሉት፣ አያስፈልግም። የጣላትን ቀን ሐኪሞቹ በሰጡን ደብተር ላይ ጭረት ያድርጉልኝ።

ስለ እህቴ ስለ ሰዓዳ የጻፉትን ሦስቴ አነበብኩት። የእሷን ከፊርደውስ ጋር አያያይዙብኝ። ዘመኑም ሕክምናውም ሌላ ነው።

ከዱዓ አይርሱን።
ልጅዎ ለይላ


ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለለይላ፤

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላህ። እኛ በአፊያ አለን። ደጉ ፖስታሽን ሲሰጠኝ ውፍረቱን አይቼ ሹመት የመጣልኝ መስሎኝ ነበር። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዲህ ነሽ፤ የምትመልሺው የጠየቅሁሽን ሳይሆን ፈርቶበታል ያልሽውን ነው። ቢሆንም ደስ ብሎኛል። መሠረተ ትምህርት ያስተማሩኝን ሰዎች አላህ ይማራቸው፤ ጆሮዬ ከከዳኝ ወዲህ የሰው ወሬ የማገኘው በእነሱ ውለታ ነው።

ፊርደውስ የኮምቦልቻን ሙቀት ለምዳ ደሴ አልተስማማትም። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤላታለሁ። ትበላለች፤ ትጫወታለች። ለደብተሩ ባለፈው ሳምንት ጭረት ሁለት፣ በዚህኛው አንድ።

አዝኜ የሰነበትኩት ስለ ድምፅዋ ነው። ቁርአን ልትቀራ ስትሄድ ልጆቹ “ሽማግሌው መጣ” እያሉ ይስቁባታል። ሸኽ አብዱልባሲጥ ገሥጸዋቸዋል፤ ልጅ ግን ተግሣጹን በሩ ላይ ጥሎ ነው የሚወጣው። ባለፈው ተቆጥታ መጥታ “አባባ፣ ይሄን ነገር አውጡልኝ” አለችኝ። ከንፈሯን እያየሁ ነው የሰማኋት። አሁን በየሶላቱ ያ ሻካራነት እንዲለቃት ዱዓ አደርጋለሁ።

ሰዓዳን አታያይዝ ብለሽኛል። እሺ። ብቻ እሷ ስትሞት አንቺ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ የምታውቂው የተነገረሽን ነው። ሂርዙን፣ ያን ክታብ፣ ሸኹ ጻፉላት፤ ከረጢቱን ቆዳ ቆርጬ የሰፋሁት፣ አንገቷ ላይም ያሰርኩት እኔ ነኝ። አራት ዓመት ከአንገቷ አልተለየም። ያን ቀን ቦርከና ወንዝ ልብስ ልታጥብ ወርዳ፣ እንዳይረጥብብኝ ብላ አውልቃ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ያ ነገር ውሃው ውስጥ ሳለች መጣባት። እኔ ስደርስ ሂርዙ ድንጋዩ ላይ ነበር፤ ደረቅ።

የአንቺም ማግኔት እጇ ላይ አይረጋም። ማሰሪያው ለፈረንጅ ልጅ የተሠራ ነው መሰል፤ የእሷ እጅ ደግሞ ሸንበቆ ነው። ባለፈው ሰኞ ገበያ መሀል ወድቆ አንድ ሰዓት ስንፈልግ ቆየን። መጨረሻ ላይ አንዲት በርበሬ ነጋዴ ሚዛኗ ሥር ተጣብቆ አገኘችው። “ለካ ሚዛኔ ዛሬ የከበደው በዚህ ነው” ብላ ስቃለች አሉ። እኔ ግን አልሳቅሁም። 

አብሽሪ።
አባትሽ


አቃቂ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። የገበያውን ነገር ሳነብ ማሽኑን አቁሜ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ማግኔት ኮምቦልቻ ቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ እዚህ እኔ ጋ። እንዲህ ያለ ሞኝነት ከማን ወረስኩት?

እባክዎ ከእሷ እንዳይለይ ያድርጉልኝ። ቆዳ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እንዴት እንደሚሻል እኔ አላስተምርዎትም። ብቻ እንዳይወድቅ።

ሥልጠናውን ትተሽ መምጣት አትችዪም ወይ ብለው በደጉ አፍ ለላኩብኝ፣ ኃላፊውን ጠይቄዋለሁ። መልሱን ባልጽፍልዎ ይሻላል።

ሐኪም ቤት የምትከታተለን ሲስተር ጽናት ሌላ ምን አለችሽ ብለውም በእሱው በኩል ጠይቀዋል። ያለችኝ ብዙ ነው። ዋናውን ጽፌልዎታለሁ፤ የቀረው ለእርስዎ ጭንቀት ከመጨመር በቀር አይረባም። አላህ ካለ ጥር ላይ ንዝረቱን ከፍ ታደርግላታለች፤ ያኔ አብረን እንሄዳለን።

ስለ ሰዓዳ ሂርዝ አላውቅም ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን እንዳልነገሩኝ ገባኝ። ይህንን በደብዳቤ መመለስ አልችልም፤ ስመጣ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ ይሁን።

ልጅዎ ለይላ


ደሴ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለለይላ፤

ሰላሙን እንደ ሁልጊዜው ውሰጂልኝ። የዛሬው ደብዳቤዬ አጭር ነው፤ ደስታ ብዙ ወረቀት አይፈጅም።

ማግኔቱን እንዳልሽኝ አድርጌዋለሁ። ከእንግዲህ ገበያም ትሂድ፣ ወንዝም ትውረድ ከእሷ አይለይም። እንዴት እንደሠራሁት አልነግርሽም፤ መጥተሽ ስታዪው “አባዬ፣ እጅዎ አላረጀም” እንድትዪኝ እፈልጋለሁ። ከተረፈኝ የበግ ቆዳ ምርጡን ቆረጥኩላት። ስፌቱ ድርብ ነው፤ ክሩ በሰም የተቀባ። ዓይኔ ደክሞ ወስፌውን ሁለት ጊዜ ጣቴ ላይ ሰክቼዋለሁ። ግን ቆዳን የሚያውቀው መዳፍ ነው፤ ዓይን ለከንቱ ነው የሚደክመው። ለስላሳውን ጎን ወደ ገላዋ አድርጌላታለሁ።

ሁለተኛው ብሥራት ድምፅዋ ነው። ከአራት ቀን በፊት ፀሐይነሽ እየሮጠች መጥታ “ድምፅዋ ጠራ፣ እንደ ድሮዋ ሆነች” ብላ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ሸኽ አብዱልባሲጥም ጁምዓ ዕለት በልጆቹ ሁሉ ፊት አቁመው አስቀሯት። አንድም የሳቀ የለም። እኔ የሸኹን ፊት አይቼ ነው ያለቀስኩት። ዱዓችን ተሰማ፣ ለይላ።

ደብተሩን ስትመጪ ታዪዋለሽ። እንቅልፍ ትንሽ አብዝታለች፤ ብርዱ ነው።

አባትሽ


አቃቂ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎን ለክፍል ጓደኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ሁሉም አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ክርስቲያኖቹም እልል አሉልኝ። እኔም እሑድ በፀሐይነሽ ስልክ “እማ፣ ደህና ነኝ” ብላኝ ስትሮጥ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ማሻአላህ።

ከላይ ያለውን የጻፍኩት ትናንት ነው። ዛሬ ፖስታውን ላሽግ ስል የእርስዎን ደብዳቤ ደግሜ አነበብኩት።

ድምፅዋ ለምን ጠራ?

በየአምስት ደቂቃው መሻከር ነበረበት። ሲስተር ጽናት ጉሮሮዋ እስኪለምደው ብዙ ወር ይፈጃል ብላኛለች፤ በአንድ ቀን ጠራ የሚባል ነገር የለም። ደብተሩንስ ለምን “ስትመጪ” አሉኝ? ኅዳር ላይ ሳልጠይቅዎ ጭረቱን ቆጥረው ጽፈውልኝ ነበር። እንቅልፍ የሚያበዛት ደግሞ ከጣላት በኋላ ነው፤ ይህንን ሁለታችንም እናውቃለን።

አባዬ፣ ማግኔቱን የት ላይ ነው ያሰሩላት? እጇ ላይ ነው? ወንዝ ብትወርድ አይለያትም ያሉት የት ቢያስሩት ነው?

ምናልባት ከንቱ ፍርሃት ይሆናል። ይሁንልኝ። ይህንን ለደጉ ሰጥቼ ወደ ሲስተር ጽናት እሄዳለሁ፤ ከዚያ ፀሐይነሽ ጋ እደውላለሁ። ደብዳቤው ሳይደርስዎ ነገሩን ሰምተውት ይሆናል። አስቀድሜ ይቅር ይበሉኝ።

ለይላ


ደሴ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለለይላ፤

ፊርደውስ በሕይወት አለች። ይህንን ከሰላምታ ያስቀደምኩት ዓይንሽ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ስለሆነ ነው። ከሐኪም ቤት ወጥተን ቤታችን ገብተናል።

ማግኔቱን ያሰርኩት አንገቷ ላይ ነበር። እንደ ሂርዝ ከረጢት ሰፍቼ፣ ጠፍሩን አሳጥሬ፣ በግራ ደረቷ ልክ ጠባሳው ላይ እንዲያርፍ አድርጌ። ሹራቧ ሥር ስለሆነ ፀሐይነሽም አላየችውም። የታመመው ቦታ ላይ ቢውል ይበልጥ ይጠብቃታል ብዬ ነው። አንቺ አንድ ጊዜ ሸርተት አድርገህ አንሣው ብለሽኝ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ የሚጠቅም ነገር ሁልጊዜ ቢሆን እንዴት አይጠቅምም ብዬ አሰብኩ።

ካሰርኩላት በኋላ በዘጠኝ ቀን ሰባት ጭረት ነው። አልጻፍኩልሽም። ብጽፍልሽ ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ፤ እኔም ልጅ መጠበቅ ያቃተኝ ሽማግሌ እሆናለሁ። አልዋሸሁም እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ።

አንቺ በደወልሽበት ጠዋት የመጣባት ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። አልለቅ አላት። ማግኔቱ ደረቷ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ከላይ በመዳፌ ተጫንኩት። ይርዳት ብዬ ተጫንኩት፣ ለይላ። ከንፈሯ ሲጠቁር ጎረቤት ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሳት። በመርፌ አስታገሡላት።

ፀሐይነሽ ስልኳን ይዛ የደረሰችው እዚያ ነው። ያልሽውን ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፤ “ማግኔቱ ነው መሣሪያውን ያቆመው። ይውለቅ።” ልትፈታው እጇን ስትዘረጋ እጇን ያዝኳት። እኔ ያየሁት ያን የቦርከናውን ድንጋይ ነበር። ካወለቅነው ትሞታለች ብዬ፣ ሳላወልቀው ልገድላት ምን ቀረኝ?  መጨረሻ ላይ “ማንም አይንካው” አልኩና በኪሴ ካራ ራሴ ቆረጥኩት። ድርብ ስፌት ስለነበር አልቆረጥ ብሎ አስቸገረኝ።

ሰዓዳን ያጣኋት በመውለቁ ነው ብዬ ስንት ዓመት ኖርኩ። ይችን ላጣት የነበረው በማሰሬ ነው። ከእንግዲህ ምን እንደማምን አላውቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማግኔቱ እንደሚያቆመው ታውቂ ነበር ወይ?

አባትሽ


አቃቂ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ፤

አዎ። አውቅ ነበር።

ሲስተር ጽናት ከሐኪም ቤት ስንወጣ ሁለት ጊዜ ነግራኛለች። ማግኔቱ ጠባሳው ላይ ከቆየ መሣሪያው ይቆማል፤ ሲነሣ ይቀጥላል። እርስዎ “ይቆማል ወይ?” ብለው በግልጽ ጠየቁኝ፤ እኔ “አይቆምም” አልኩ። ያን መልስ ስድስት ቀን ስጽፍ ስቀድ ከርሜ ነው የመረጥኩት።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ቀዶ ጥገናውን ሁለት ወር ሲቃወሙ ነበር። “የልጅ ደረት ውስጥ ብረት አይቀበርም” ያሉኝን አልረሳሁትም። ማቆሚያው በእጅዎ እንዳለ ቢያውቁ፣ ልጆቹ የሳቁባት ቀን፣ እሷ አልቅሳ አውጡልኝ ያለችዎ ቀን፣ አዝነው ያቆሙላታል ብዬ ፈራሁ። አላመንኩዎትም፣ አባዬ። ልጄን አምኜ ሰጥቼዎት አንድ ቃል አላመንኩዎትም። እርስዎ የሰፉት እንዳይጠፋ ብለው ነው፤ እኔም እንዳይለያት ያድርጉ ብዬ ለምኜዎታለሁ። እርስዎ ማግኔቱን ቢጫኑት እኔ እውነቱን ተጭኜ ነው። ወቀሳውን ለብቻዎ አይውሰዱብኝ።

አሁን የምጽፈውን እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡት። ሲስተር ጽናት ነገሩን ለሐኪሙ ነገረችው። ማግኔቱ ከወለቀ መሣሪያው ራሱ መሥራት መጀመር አለበት፤ ግን በእርግጥ መጀመሩን ማወቅ አለብን ብሏል። ምልክቱ ድምፅዋ ነው። በየአምስት ደቂቃው ከሻከረ ሠርቷል፤ እስከ ጥር ቀጠሮዋ እዚያው ትቆይ። ካልሻከረ አንድ ቀን ሳይውል ሳያድር አዲስ አበባ ትምጣ። ፀሐይነሽን ጠይቄያት ነበር፤ ልጅቱ ከሐኪም ቤት ከወጣች ወዲህ አፏን አልከፈተችም አለችኝ። አሁን እሷም ለገና ወደ እናቷ ወደ ደጋን ሄዳለች፤ ስልኳ አይሠራም።

ኃላፊው ከሄድሽ አትመለሽም ብሎኛል። ልብሴን አስሬ አስቀምጫለሁ። ይህንን አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝና ለደጉ ይስጡት፤ ሻክሯል ወይስ አልሻከረም? ሰምቶ የሚነግርዎ ሰው ይፈልጉ። እስኪደርሰኝ እህል አልበላም ብዬ ባስጨንቅዎት ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ይበቃናል፤ እበላለሁ።

ለይላ


ደሴ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለለይላ፤

ደጉ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው። ቆጣ ብሏል፤ ይቆጣ።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ሰው ፈልግ ብለሻል። ፀሐይነሽ የለችም፤ ሸኽ አብዱልባሲጥ ለለቅሶ ኮምቦልቻ ወርደዋል። ሌላ ጎረቤት ሞልቷል፤ ግን የማያውቅ ሰው ጉንፋን ይዟታል ብሎኝ ይሄዳል። በሰው ወሬ አንዴ “ጠራ” ተብዬ አልቅሻለሁ፤ ይበቃኛል።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ፊርደውስን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት። ሰዓቴን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። መዳፌን አንገቷ ላይ፣ ከጉሮሮዋ በታች አሳረፍኩና “ፋቲሐን ቅሪልኝ” አልኳት። መጀመሪያ እንቢ አለች። “ይስቃሉ” አለችኝ። እዚህ የሚሰማ ሰው የለም፣ እኔም ደንቆሮ ነኝ ስላት ሳቀች፤ ቀጥላም ጀመረች።

ድምፅዋ መዳፌ ሥር ለስላሳ ነበር። አንዴ ቀራች፤ ለስላሳ። ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ፤ ለስላሳ። ሰዓቱን አየሁ፤ ሦስት ደቂቃ አልፏል። የእሷን ልብስ የት እንዳስቀመጥኩት፣ አውቶቡስ ላይ እንዴት እንደማሳፍራት ማሰብ ጀምሬ ነበር። 

ከዚያ ሻከረ።

ቆዳ ፍቄ፣ ቆዳ ሰፍቼ ነው ያረጀሁት፤ ለስላሳና ሻካራ አይምታታብኝም። በአንድ ቃል መሀል ላይ መዳፌ ሥር ያልተፋቀ ቆዳ ሆነ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደገና ለሰለሰ። አላመንኩም። አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ፤ መጣ። እንደገና አምስት፤ እንደገና መጣ። ለዚህ ድምፅ መጥፋት በየሶላቱ ግንባሬን መሬት ላይ ያደረግሁ ሰው፣ ዛሬ ሲመጣ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ስለዚህ አትምጪ። ልብስሽን ፍቺ። ሥልጠናሽን ጨርሺ። ማግኔቱን ቀኝ እጇ ላይ አስሬዋለሁ፤ ማሰሪያውን በእሷ ልክ አጥብቤ። ሲያስፈልግ አንድ ጊዜ ሸርተት አድርጌ አነሣዋለሁ። ከወለቀ ወዲህ ደብተሩ ላይ ያለው ጭረት ሁለት ነው፤ ይኸው ጻፍኩልሽ። ነገ ከተጨመረ ነገ እጽፍልሻለሁ፤ አንቺም የምታውቂውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ከመፍራቴ በፊት ልወቅ።

አላመንኩህም ያልሽውን አንብቤያለሁ። እውነትሽን ነው፤ ባውቅ ኖሮ አቆምላት ነበር። ዛሬ አላቆምም።

ሦስተኛው መሻከር ካለፈ በኋላ ልጅቱ ሰልችቷት ቀና ብላ አየችኝ። “አባባ፣ በቃ?” አለች። ከንፈሯን አየሁ፤ እጄን ግን ከአንገቷ አላነሣሁም። አንዴ ድገሚልኝ አልኳት።

አባትሽ ሳዲቅ